ልኬት

መኪና ግርግር ነው ሱቄ፥ ከስፌት ጫጫታ መሐል፤
የሰው ትከሻ ስለካ፥ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል።
ያንዱ ጎን ዘንበል ይላል፥ ያንዱ እጅ ካንዱ ይረዝማል፤
ልክ የሆነ ሰው አላየሁም፤ ልብሱ ግን ልክ ያስመስላል።

የረውዳ ዓይን ግን አመለጠኝ።

ማታ ሲደክማት ግራው፥ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል፤
ስሟን ስጠራ፥ የሰማ ይመስል፥ ተመልሶ ይቆማል።
ፀሐይ ላይ ስትወጣ ደግሞ፥ አንዱን ዓይን ትጨፍናለች፤
«ጠቀሰችን!» ይላል ጎረቤት፥ «ይቺ ልጅ አራዳ ነች!»
እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት፥ አዲስ ቃል ይዛ መጣች፤
«ባባ፥ ሸውራራ ምንድን ነው?» ብላ አጠገቤ ቆመች።
መቀሴን አነሣሁ፤
ፊቴ ጨርቅ አልነበረም።

ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ፥ ሜዳው ከፊት ሲዘረጋ፥
እሷ አሻግራ ስታይ፥ ዓይኗም ሄደ ሩቅ ፍለጋ።
ፈቲያ እጄን ጨበጠች። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገ።

የድሬዳዋ ሙቀት፥ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤
ዶክተር ትርሲት መጋረጃ፥ ያለው ክፍል አስገባችን።
የመስታወት ሽብልቅ፥ ካንዱ ወዳንዱ እየለወጠች፥
ሜትሬ የማይደርስበትን፥ የብርሃን ጥመት ለካች።
አንዱን ዓይን በመዳፏ ከደነች፤ ገለጠች። ሌላውንም።
«ጥፋተኛው ግራው መሰለህ? ሁለቱም ይኮበልላሉ፤
ግራው እጅ ከፍንጅ ስለተያዘ፥ የሱን ስም ብቻ ያነሣሉ።»

መንገዱ ሁለት ነው አለች፥ ወረቀት ላይ እየሣለች፦
በሁለቱም ዓይን፥ የውጩን ጡንቻ ነቅሎ፥
ጥቂት ወደ ኋላ አላልቶ መስፋት፤
ወይ አንዱን ዓይን ብቻ፥
የውጩን ማላላት፥ የውስጡን ማሳጠር፥
ሌላውን ሳይነኩ ማሳደር።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኳት፤ «ገብቶኛል።
ኮት ወደ አንድ ጎን ሲጎትት፥
ወይ ሁለቱንም ጎን መልቀቅ ነው፥
ወይ አንዱን ለቅቆ አንዱን ማስገባት።
የትኛው ይበልጣል?»

ሳቀች። «እኛም እንከራከርበታለን።
አንዱ ቶሎ ይይዛል፥ አንዱ ቀስ እያለ ይረጋል፤
ውሎ አድሮ ስታየው፥ ልዩነቱ ይጠባል።
ሁለቱም አንዳንዴ ይተረተራል።»

«ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?»
ዝም አለች፥ ጣቶቿን አየች።
የኔ ጣት በመርፌ ተበሳስቷል፥ የሷ ንጹሕ ነው፤
እሷን የወጋት፥ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ፈቲያ ናት የወሰነች፦ «ሁለቱም ኮብልለው ሳለ፥
ቅጣቱን ላንዱ ማሸከም፥ እስቲ የት አገር አለ?»
እኔ አንዱ ሳይነካ እንዲቀር ፈልጌ ነበር።
አልተናገርኩም።

በረንዳው ላይ ስንጠብቅ፥ በጣቴ ጥፍር ለካሁት፦
የሚያላሉት ጠቅላላው፥ የሸሚዝ አዝራር ግማሽ።
በዚህ ምክንያት፥ ሱቄ መጥቶ
የጨቀጨቀኝ ደንበኛ የለም።

በማግስቱ ነጩ ዓይኗ፥ የሮማን ፍሬ ያህል ቀልቶ፥
«ባባ፥ ሁለት ሆነህ መጣህ! ይኼኛው ከየት ተገኝቶ?
እጄን ለየትኛው ልስጥ?»
ሐኪሟ ነግራን ነበር፦ እያደር ስለሚላላ፥
ከልኩ ጥቂት አጥብቃለች።
እኔም አዲስ ሱሪ እንዲያ ነው የምሰፋ።
«ቀረብ ያለውን ያዢ» አልኳት። እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፤
አየር ጨበጠች። ሳቀች። ከዚያ እኔን አገኘች።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ።
ሱቄ ደጃፍ ተቀምጣ፥ ክሩን በምላሷ አርሳ፥
በመርፌው ቀዳዳ ታሾልካለች፤
ድሮ ሁሌም ከጎኑ ነበር የምትወጋው።
አንዳንድ ማታ ግን፥ መኪኖቹ ሁሉ ዝም ሲሉ፥
ግራው እንደ ልማዱ፥ ሊሄድ ሊሄድ ይላል።
ስሟን አልጠራም።
እጠብቃለሁ።